የእኩለ ሌሊቱ ዝግጅት ይቀጥል፦ «ባዶ ሰዓት፣ ባዶ ጩኸት» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ባዶ ሰዓት፣ ባዶ ጩኸት» በሚል ርእስ የቀረበው ጽሑፍ፣ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያዎች ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሙከራ ሙዚቃ (የተለመደውን ዜማና ምት ትቶ ድምፅን ራሱን የሚፈትሽ ሙዚቃ) የሚያሰሙባቸውን ዝግጅቶች እንዲዘጉ ይመክራል። መከራከሪያዎቹ አምስት ናቸው። በዚያ ሰዓት ሬዲዮ የሚከፍት ሰው የለም፤ የሚቀርበው ነገር ሙዚቃ ሳይሆን ጫጫታ ነው፤ የፈለገ ሰው ሁሉንም ከኢንተርኔት ስለሚያገኘው አቅራቢ አያስፈልግም፤ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ፈቃድ የተሰጠው ለሕዝብ ጥቅም እንጂ ለጥቂቶች ዝንባሌ አይደለም፤ ስለዚህም ሰዓቱ ኮምፒውተር በሚያጫውተው የዘፈን ዝርዝር ቢሸፈን ይሻላል የሚሉ ናቸው። እኔ እንዲህ ያለውን ዝግጅት ከሚያቀርቡ በጎ ፈቃደኞች አንዱ በመሆኔ ጉዳዩ በቀጥታ ይመለከተኛል። ጸሐፊው ለማኅበረሰብ ሬዲዮ ተቆርቋሪ መሆናቸውን ከአጻጻፋቸው ተረድቻለሁ፤ ምላሼንም የምሰጠው ለዚያ ተቆርቋሪነት ካለኝ አክብሮት ጋር ነው።

በመጀመሪያው ነጥብ ልጀምር። «በዚያ ሰዓት የሚያደምጥ የለም» ለሚለው ድምዳሜ ማስረጃ አድርገው ያቀረቡት፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የአድማጭ ቁጥር እንደሚቀንስ የታወቀ መሆኑን ነው። መቀነሱን የሚክድ የለም። ነገር ግን «ቀንሷል» ከሚለው ተነሥቶ «የለም» ወደሚለው መድረስ አይቻልም። ሌሊቱን ነቅተው የሚያሳልፉ ሰዎች የሌሉበት ከተማ የለም፤ ተረኛ ነርሶች፣ የጥበቃ ሠራተኞች፣ ዳቦ ጋጋሪዎች፣ የረጅም መንገድ ሾፌሮች፣ አራስ ልጅ ታቅፈው የሚያነጉ እናቶች፣ ሕመም ወይም ሐሳብ እንቅልፍ የነሣቸው ሰዎች ሁሉ ነቅተው ነው የሚያድሩት። ከእነዚህም ብዙዎቹ ቀን ስለሚተኙ፣ ጣቢያው በቀን የሚያዘጋጀውን መልካም ነገር ሁሉ ሳይሰሙት ያልፋል። የሌሊቱ ሥርጭት ሲቀር የሚቀርባቸው የሬዲዮው ትርፍ ነገር ሳይሆን ሬዲዮው ራሱ ነው።

የብሮድካስት ሕግ አውጪዎችም ሌሊቱን ባዶ ሰዓት ነው ብለው አያዩትም። በአሜሪካ ደንብ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው ጊዜ፣ ሕፃናት አድማጭ የመሆናቸው ዕድል አነስተኛ ነው ተብሎ ለአዋቂዎች የሚሆን ይዘት ከቀኑ በላቀ ነፃነት የሚተላለፍበት ሰዓት ነው። ይህ ሌሊቱ አድማጭ እንደሌለው ሳይሆን የራሱ አድማጭ እንዳለው የሚያመለክት ነው። ጸሐፊው በተጨማሪ ያላስተዋሉት አንድ ግጭት በጽሑፋቸው ውስጥ አለ። በአንድ በኩል ሰዓቱ ባዶ ነው ይላሉ፤ በሌላ በኩል ዝግጅቱ የሌላውን ሰው ሰዓት ወስዷል ይላሉ። ማንም የማይፈልገው ሰዓት ከሆነ የተወሰደበት ሰው የለም፤ የተወሰደበት ሰው ካለ ደግሞ ሰዓቱ ባዶ አልነበረም።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ማለትም «ይህ ሙዚቃ ሳይሆን ጫጫታ ነው፤ ሬዲዮም ለእንዲህ ያለ ነገር አልተፈጠረም» የሚለው፣ ረዘም ያለ መልስ ያስፈልገዋል፤ ምክንያቱም ታሪኩ ጸሐፊው ከገመቱት ፍጹም የተለየ ነው። ይህን ሙዚቃ ከወለዱት ቤቶች ዋነኛው የሬዲዮ ጣቢያ ነው። ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ በ1944 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በካይሮ ከአንድ ሬዲዮ ጣቢያ ድምፅን በቀጭን ሽቦ ላይ የሚቀዳ መሣሪያ ተውሶ የዛር ሥርዓት ላይ የተገኙ ሴቶችን ድምፅ ቀዳ፤ ከዚያም በጣቢያው ስቱዲዮ የማስተጋቢያ ክፍሎችን እየተጠቀመ የቀዳውን ድምፅ ከመጀመሪያ መልኩ አውጥቶ ሌላ ሥራ አደረገው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1948፣ የፈረንሳይ ሬዲዮ መሐንዲስ የነበረው ፒየር ሻፈር የባቡር ጩኸትና የሐዲድ ኳኳታ ቀድቶ፣ ድምፆቹን እየደጋገመና እየቆራረጠ ያዘጋጃቸውን ሥራዎች በሬዲዮ አሰማ። የሸክላ መቅረጫ መሣሪያውን፣ ስቱዲዮውንና ሥርጭቱን የሰጠው ሬዲዮው ነው።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። በ1951 በኮሎኝ ያለው የጀርመን ሬዲዮ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ስቱዲዮ አቋቋመ፤ ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ካርልሃይንዝ ሽቶክሃውዘን የአንድ ልጅን ድምፅ በመሣሪያ ከተፈጠሩ ድምፆች ጋር ያዋሐደበትን በ1956 የቀረበ ሥራውን የሠራው እዚያ ነው። በ1955 የጣሊያን ሬዲዮ በሚላኖ፣ የጃፓኑ ብሮድካስት ድርጅት ኤን ኤች ኬ ደግሞ በቶኪዮ ተመሳሳይ ስቱዲዮዎችን ከፈቱ። በ1958 ቢቢሲ ዳፍኒ ኦራምና ዴዝመንድ ብሪስኮ የታገሉለትን የድምፅ ሙከራ ክፍል አቋቋመ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ዴሊያ ደርቢሸር በዚያው ክፍል የቴፕ ቁርጥራጮችን በእጇ እየቀጠለች ሚሊዮኖች የሚያውቁትን የቴሌቪዥን መግቢያ ዜማ አቀናበረች። እነዚህ ሁሉ የተከናወኑት በሕዝብ ገንዘብ በሚተዳደሩ ጣቢያዎች፣ ደመወዝ በሚከፈላቸው ቴክኒሻኖች እጅ ነው። አንድ በጎ ፈቃደኛ ዛሬ ከእኩለ ሌሊት በኋላ እነዚህን ሥራዎችና የእነርሱን ወራሾች ሲያሰማ፣ ሬዲዮ ራሱ ያፈራውን ለሬዲዮ እየመለሰ ነው።

«ጫጫታ» በሚለው ቃል ላይ ብዙ መከራከር አልፈልግም። የሚቀርበው ሁሉ ያማረ ነው አልልም፤ ያልተሳካ ሙከራ ብዙ ነው፤ እኔም ሰምቼ ሳላሰማ የተውኳቸው ቅጂዎች ካሰማኋቸው ይበልጣሉ። ነገር ግን አንድን ሥራ በጆሮ ሳይመዝኑ፣ ዜማና ምት ስለሌለው ብቻ ከሙዚቃ ማውጣት ፍርድ አይባልም። ጸሐፊው በጽሑፋቸው ውስጥ አንድም ሥራ በስም አልጠቀሱም፤ ይህን ሰማሁ፣ በዚህ ምክንያት ደካማ ሆኖ አገኘሁት የሚል አንድም ዓረፍተ ነገር የለም። እንዲህ ያለ ነቀፋ ቢቀርብ ኖሮ አብረን ልንወያይበት በተቻለ ነበር፤ ለዝግጅቱም በጠቀመ።

ሦስተኛው ነጥብ ዋነኛው ነው ብዬ አምናለሁ፤ «ሁሉም ነገር ኢንተርኔት ላይ ስላለ አቅራቢ ትርፍ ሰው ነው» የሚለው። በመጀመሪያ፣ ሁሉም ነገር ኢንተርኔት ላይ አለ የሚለው ራሱ ስሕተት ነው። ከዚህ ሙዚቃ ብዙው በጥቂት ቅጂ ታትሞ ከእጅ ወደ እጅ በሚተላለፍ ካሴት፣ ራሳቸው ሙዚቀኞቹ በሚያባዙት ዲስክ፣ ወይም አንድ ምሽት በአንድ ክፍል ተቀርጾ ለማንም ባልተሸጠ ቅጂ የሚኖር ነው። የማኅበረሰብ ሬዲዮ ስቱዲዮ ደግሞ በቀጥታ የሚጫወቱ ሙዚቀኞችን በሌሊት ተቀብሎ ያሰማል፤ በዚያ ሰዓት የተጫወቱትም ከዚያ በፊት የትም አልነበረም።

ሁለተኛ፣ ያለውስ ቢሆን ሰው የማያውቀውን ነገር ፈልጎ ሊያገኝ አይችልም። የፍለጋ ሣጥን ስም ይጠይቃል፤ ስሙን የማያውቅ አድማጭ እዚያው በሩ ላይ ይቀራል። የአቅራቢው ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንድ ድምፅ ሳይለወጥ ለአርባ ደቂቃ የሚዘልቅበትን ሥራ ያለ አንዳች ቃል ለቅቆ መቀመጥ አድማጭን መተው ነው፤ አሥር ደቂቃ ሙሉ ማብራራትም እንዲሁ አድማጭን ማባረር ነው። የሚበቃው አንድ የሚያዝ ነገር መስጠት ነው። «ከታች ያለውን ወፍራም ድምፅ ተከተሉት፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሌላ ድምፅ ከውስጡ ሲወጣ ትሰማላችሁ» ማለት፣ ከረጅም የሕይወት ታሪክ ይልቅ ጆሮን ይከፍታል። ስም፣ ዘመን፣ ቦታና የተጫወቱበት መሣሪያ በግልጽ መነገር አለበት፤ አብዛኛውን ጊዜም ከሙዚቃው በኋላ ቢነገር ይመረጣል፤ አድማጩ አስቀድሞ ራሱ ሰምቷልና።

የቅደም ተከተሉም ነገር የራሱ ጥበብ አለው። ጠንካራ የኤሌክትሮኒክ ፍንዳታ ያለበትን ሥራ ከሹክሹክታ ቀጥሎ ማስገባት፣ በጆሮ ማዳመጫ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሹክሹክታውን ሲከታተል የነበረውን ሰው ጆሮ መጉዳት ነው። ስለዚህ በሁለቱ መካከል የአቅራቢው ድምፅ ይገባል፤ ወይም መካከለኛ ኃይል ያለው ሥራ ይቀድማል። ሌሊት ብቻውን ለሚያደምጥ ሰው የሚናገር ድምፅም እንደ ቀኑ ጮክ ያለና የተቻኮለ ሊሆን አይገባውም። እነዚህ ነገሮች ትንንሽ ይመስላሉ፤ ነገር ግን አድማጩ ጣቢያውን ይቀይር ወይስ ይቆይ የሚለውን የሚወስኑት እነርሱ ናቸው።

ጸሐፊው «ቁልፍ መጫን ብቻ ነው» ስላሉ፣ ከቴክኒኩም ጥቂት ልጥቀስ። በአብዛኞቹ የኤፍ ኤም ጣቢያዎች ድምፁ ወደ ማሰራጫው ከመድረሱ በፊት የጎላውን የሚጫንና የደከመውን የሚያነሣ መሣሪያ ውስጥ ያልፋል። ለንግግርና ለተለመደ ዘፈን ይህ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ከጸጥታ ተነሥቶ ቀስ በቀስ ወደ ጩኸት የሚያድግ ሥራ በዚህ መሣሪያ አልፎ ሲወጣ መነሻውም መድረሻውም እኩል ሊሆን ይችላል። በግራና በቀኝ ቻናል ተቃራኒ ሆነው የተቀረጹ ድምፆች ደግሞ፣ አንድ ድምፅ ማጉያ ባለው ትንሽ ሬዲዮ ሁለቱ ሲደመሩ እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ፤ አቅራቢው በስቱዲዮው ስቴሪዮ እየተደሰተ ሳለ ያ አድማጭ ምንም አይሰማም። ከ15 ኪሎኸርትዝ በላይ ያለውም ቀጭን ድምፅ በኤፍ ኤም አይተላለፍም። ስለዚህ ጠንቃቃ አቅራቢ እያንዳንዱን ሥራ ከሥርጭቱ በፊት በሞኖ፣ ማለትም ሁለቱን ቻናሎች ወደ አንድ አዋሕዶ፣ ይፈትሻል፤ ለሞገዱ የማይሆነውን ይተወዋል፤ የሚሆነውን በቦታው ያስቀምጠዋል።

ስለ ጸጥታ ደግሞ የተለየ ነገር አለ። ብዙ ጣቢያዎች ድምፅ ለተወሰኑ ሰከንዶች ሲቋረጥ ብልሽት ነው ብሎ መጠባበቂያ ፕሮግራም የሚያስገባ መሣሪያ አላቸው። በጥር 2004 ቢቢሲ ሬዲዮ 3 የአሜሪካዊውን የሙዚቃ ደራሲ የጆን ኬጅን የ1952 ሥራ፣ ተጫዋቾቹ አራት ደቂቃ ከሠላሳ ሦስት ሰከንድ አንድም ኖታ የማይጫወቱበትን፣ ከኮንሰርት አዳራሽ በቀጥታ ሲያስተላልፍ ይህን የመጠባበቂያ ሥርዓት አስቀድሞ ማጥፋት ነበረበት። በትንሽ የማኅበረሰብ ጣቢያም ይኸው ጥያቄ በየሳምንቱ ይነሣል። ረጅም ጸጥታ ያለበት ሥራ ሲቀርብ ተረኛው ሰው መሣሪያውን ማወቅ፣ ከቴክኒሻኑ ጋር መነጋገር፣ ለአድማጩም «አሁን የምትሰሙት ጸጥታ የሥራው አካል ነው» ብሎ መንገር አለበት። ይህን ሁሉ የሚያደርግ ሰው ትርፍ ሰው ሊባል አይችልም።

በዚህ ነጥብ ላይ ግን ጸሐፊው ያነሡትን አንድ ቅሬታ ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ሬዲዮ ከፍተው ለረጅም ጊዜ የሚሰሙት ምን እንደሆነ የሚነግራቸው እንዳጡ፣ በመጨረሻም የተናገረው አቅራቢ ለጓደኞቹ ብቻ የሚገባ ቋንቋ እንደተጠቀመ ጽፈዋል። እንዲህ ዓይነት አቀራረብ አለ፤ መወገድም አለበት። ለማያውቅ ሰው መናገር የማይፈልግ አቅራቢ ሬዲዮ ላይ ሊቀመጥ አይገባውም። የዚህ መድኃኒቱ ግን አቅራቢዎችን ማሠልጠን ነው፤ ዝግጅቱን መዝጋት ቅሬታ ያቀረቡትን አድማጭ ጨምሮ ማንንም አይጠቅምም።

አራተኛው ነጥብ ስለ ፈቃዱ ዓላማ ነው። የማኅበረሰብ ሬዲዮ ለጤና ትምህርት፣ ለአካባቢ ዜና፣ ለተገፉ ሰዎች ድምፅ መስጫ ነው የሚሉት እውነት ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ በቦሊቪያ የማዕድን ሠራተኞች ከራሳቸው ደመወዝ እያዋጡ ያቋቋሟቸው ጣቢያዎች ለዚህ የሚጠቀሱ ናቸው፤ የሚያስፈልጋቸው ነገር አስቸኳይና ግልጽ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያው ዘመን፣ በ1949፣ ሉዊስ ሂልና ባልደረቦቹ በካሊፎርኒያ በርክሊ ኬ ፒ ኤፍ ኤ የተባለውን በአድማጮች መዋጮ የሚተዳደር ጣቢያ ሲያቋቁሙ ክርክርን፣ ሥነ ጽሑፍንና ያልተለመደ ሙዚቃን በአንድ ጣሪያ ሥር ነው ያስቀመጡት። በዚሁ ጣቢያ ዶን ጆይስ ከ1981 ጀምሮ በ2015 እስኪሞት ድረስ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ለሰዓታት ድምፆችን በቀጥታ እያቀላቀለ፣ የሚደውሉ አድማጮችንም ያለ ሰላምታ ወደ ቅልቅሉ እያስገባ አንድ ዝግጅት አቅርቧል። ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆየ ዝግጅት የአንድ ሰው ቅብጠት ነው ሊባል አይችልም፤ ያቆየው ጣቢያና የሚደውል አድማጭ ነበረውና።

በኒው ጀርሲ የሚገኘው ደብሊው ኤፍ ኤም ዩ በ1958 የኮሌጅ ጣቢያ ሆኖ የተጀመረ ነው፤ ኮሌጁ በ1995 ሲዘጋ ጣቢያው አብሮ አልተዘጋም። ማስታወቂያ ሳይቀበል፣ አቅራቢዎቹ የፈለጉትን እንዲያሰሙ እየፈቀደ፣ በአድማጮቹ መዋጮ ቀጥሏል። በለንደንም ሬዞናንስ ኤፍ ኤም በ1998 ለአጭር ጊዜ ከተሞከረ በኋላ በ2002 በቋሚነት ሲጀምር፣ ያቋቋመው አስቀድሞ ያልተጻፈ ሙዚቃ በቅጽበት እየፈጠሩ የሚጫወቱ ሙዚቀኞች የነበሩበት ማኅበር ነው። ለጥቂቶች ነው የተባለው ሙዚቃ በእነዚህ ቦታዎች ጣቢያ ለማቋቋምና ለማቆየት የሚበቃ ማኅበረሰብ ሆኗል።

የሕጉም ቃል ከጸሐፊው አተረጓጎም ሰፊ ነው። የብሪታንያ የ2004 የማኅበረሰብ ሬዲዮ ድንጋጌ ጣቢያዎቹ ሊያስገኙት የሚገባቸውን ማኅበራዊ ጥቅም ሲዘረዝር፣ በሌሎች ጣቢያዎች በበቂ ሁኔታ የማይገለገሉ ሰዎችን ማገልገልን አንዱ አድርጎ ያስቀምጣል፤ የጣቢያው ተቀጣሪ ላልሆኑ ሰዎች ትምህርትና ሥልጠና መስጠትንም ይጨምራል። የሙከራ ሙዚቃ አድማጭ በንግድ ጣቢያዎች የሚገለገልበት አንድ ሰዓት እንኳ የለም ማለት ይቻላል። ሥልጠናውን በተመለከተ ደግሞ፣ ብዙ ወጣት በጎ ፈቃደኞች ሚክሰር መያዝን፣ ማይክሮፎን መጠቀምን፣ ሰዓት ጠብቆ መውጣትን የሚማሩት ጥድፊያ በሌለበት በሌሊቱ ተራ ነው። ኋላ የቀኑን ዜና የሚያስተላልፉትና የጤና ዝግጅቱን የሚቀርጹት እነርሱ ናቸው። ጸሐፊው የሚሟገቱለት የቀን ሥርጭት ከሌሊቱ ተራ ብዙ ያገኛል፤ ይህን ግንኙነት ሳያዩ አንዱን ለማዳን ሌላውን እንዝጋ ማለታቸው ያሳዝነኛል።

የመጨረሻው ነጥብ፣ ሰዓቱ በኮምፒውተር በሚጫወት ዝርዝር ይሸፈን የሚለው፣ አጭር መልስ ይበቃዋል። ከሁሉ አስቀድሞ፣ ጸሐፊው የሕዝብን ጥቅም አንሥተው ሲያበቁ ስቱዲዮው ሌሊት ሰው አልባ እንዲሆን መጠየቃቸው ከራሳቸው ሐሳብ ጋር ይጋጫል። ሌሊት ጎርፍ ሲመጣ፣ እሳት ሲነሣ፣ መንገድ ሲዘጋ ማይክሮፎኑን ከፍቶ የሚናገር ሰው የሚያስፈልገው በዚያ ሰዓት ነው፤ ዝርዝር የሚያጫውት ኮምፒውተር ዘፈኑን ይቀጥላል። ገንዘብ ይቆጥባል የሚለውም አይጸናም። አቅራቢዎቹ በነፃ የሚሠሩ ናቸው፤ ማሰራጫው ዝርዝሩንም ሲያስተላልፍ ያው ኤሌክትሪክ ይጠቀማል። ዝርዝሩ የሚያመጣው ለውጥ፣ በሁሉም ጣቢያ የሚሰማውን ዘፈን በአንድ ተጨማሪ ጣቢያ ማሰማት ብቻ ነው።

ጸሐፊው ውሳኔው በአድማጮች ጥናት እንዲደገፍ ጠይቀዋል፤ በዚህ እስማማለሁ። ነገር ግን ጥናቱ በቀኑ ክፍለ ጊዜ ብቻ ከሚያደምጡ ሰዎች የሚሰበሰብ ከሆነ፣ ሌሊት ያልነበሩ ሰዎች ስለ ሌሊቱ እንዲፈርዱ ማድረግ ይሆናል። ጥያቄው በሌሊቱ ሥርጭት ላይ፣ በተደጋጋሚ፣ ለተወሰኑ ሳምንታት ይነገር፤ የሚደውለው፣ መልእክት የሚልከው፣ በተረኛነቱ ምክንያት በማግስቱ የሚመልሰው ሁሉ ይቆጠር፤ ምን እንደሚሠራና ለምን እንደሚያደምጥም ይጠየቅ። የጣቢያው ምክር ቤትም እነዚያን መልሶች ይዞ ይወስን። ጸሐፊው በዚያ ስብሰባ ቢገኙ፣ ከዚያም በፊት አንድ ሌሊት በስቱዲዮው አብረውን ቢቀመጡ፣ በሩ ክፍት ነው።